ትልቁ ቀዳዳ

ድምጿን የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ፊቷን የሚያውቀው ግን እፍኝ አይሞላም። ታክሲ ውስጥ ጥግ ይዛ ተቀምጣ፣ የራሷ ድምፅ ከሹፌሩ ስልክ እየወጣ ሲገሥጻት ትሰማለች። "ዛሬ የናቅከው ሳንቲም ነገ ይንቅሃል" ይላል ድምፁ። ሹፌሩ "እውነት ነው እኮ!" እያለ ራሱን ይነቀንቃል፤ ቀጥሎ መብራት ሲይዘው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሎተሪ ይገዛል። እሷ ከኋላ ሆና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትውጣለች።

ሥራዋ መጽሐፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። የምታነብባት ክፍል ቁም ሳጥን ብታክል ነው፤ ግድግዳዋ በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ተለብጧል፣ በሯ ሲዘጋ ውጪው ጭጭ ይላል። እዚያ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ልብስ አይለበስም፣ አምባር አይደረግም፣ ሆድ እንዳይጮህ ደግሞ ቁርስ ሳይበሉ አይገባም። ከመስተዋቱ ወዲያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ የሚቀመጠውን የድምፅ ባለሙያ የሥራ ባልደረቦቹ "መቀስ" ነው የሚሉት፤ ያነበበችውን ከርክሞ የሚያሳምረው እሱ ነው። ሳሏን ይቆርጣል፣ ምራቅ ስትውጥ ይቆርጣል። የዚህን መጽሐፍ ንባብ ሲሠራ ደግሞ ትንፋሿን አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣው። እንዲወጣ ያዘዘው የመጽሐፉ ባለቤት ነው። "ስለ ገንዘብ የሚናገር ድምፅ ማለክለክ የለበትም፤ ቆራጥ ይሁን" አለ፤ ቆራጥ ሆነ።

የመጽሐፉ ባለቤት ስሙ የገነነ የገንዘብ አያያዝ አሰልጣኝ ነው፤ መጽሐፉም "የሚያፈስ ኪስ" ይባላል። እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ቀዳዳ ነው። ዱቤ ቀዳዳ ነው፣ ይሉኝታ ቀዳዳ ነው፣ ከጓደኛ ጋር ወጥቶ ምሳ መብላት ሳይቀር ቀዳዳ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ "ትልቁ ቀዳዳ" የሚል ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ዘመድ ነው። "ዘመድህ ኪስህን በጉልበት አይቀድደውም፤ በእንባ አርሶ ነው የሚቀድደው። አሳደግንህ ይሉሃል። ልጅ ማሳደግ ብድር አይደለም፤ ስለዚህ የሚከፈል ነገር የለም።" ይህችን ስታነብ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጣፍጣታለች። አፍ ላይ የምትመች፣ ከቦታዋ ቁጭ የምትል ዐረፍተ ነገር ነበረች። መቀስ እንኳ ከመስተዋቱ ወዲያ አውራ ጣቱን አነሣላት። ከክፍሏ ወጥታ በዚያው ቀን፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ ላሳደገቻት አክስቷ የወሩን ገንዘብ ላከች። ያነበበችውና ያደረገችው በአእምሮዋ ውስጥ አልተገናኙም። ምግብ ቤት የምታስተናግድ ሴት የምታቀርበውን ሁሉ እንደማትበላው፣ እሷም የምታነበውን ሁሉ አትውጥም።

ደግሞስ ይህ መጽሐፍ ሰው ይለውጣል ብሎ ማን ይሰጋል? መቀስን ያየ ሰው ሊሰጋ አይችልም። በዚህ ምድር ላይ "የሚያፈስ ኪስ"ን ከእሱ በላይ የሰማ ሰው አልተፈጠረም፤ እያንዳንዱን ቃል ወደ ኋላ እየመለሰ፣ እየደጋገመ፣ በቀስታም በፍጥነትም ሰምቶታል። ውጤቱስ? የሠራበትን ሲቀበል በቀጥታ ሄዶ ጫማ ገዛ፣ ወሩ ሳይጋመስ ደግሞ ሒሳብ ክፍል በር ላይ ቆሞ አቫንስ ይለምን ነበር። "ቀዳዳዎቼን በስም አውቃቸዋለሁ" ይላል ሲስቅ፤ "አንተ እንትና፣ ደህና አደርክ እላቸዋለሁ።"

ባሏማ የባሰበት ነው። የሕንፃ ቀለም ቀቢ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ልቡ ግን የሰማው ነገር ሁሉ እንደ እሳት ቶሎ የሚያያዝበት ዓይነት ሰው ነው። መጽሐፉን ሰምቶ በጨረሰ ማግስት ክዳን ያላቸው ቆርቆሮዎች ገዝቶ መጣና ኩሽና መደርደሪያ ላይ ደረደራቸው፤ ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛ፣ ለክፉ ቀን። ስኳር ሲበዛ እጇን ይይዛታል፣ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ለማጥፋት ከእንቅልፉ ይነሣል። ብዙም ሳይቆይ የቆርቆሮዎቹን ገንዘብ ጠራርጎ ሰብስቦ ለአሰልጣኙ "ልዩ ሥልጠና" መመዝገቢያ ከፈለው። ስለ ቁጠባ ለመማር የቆጠበውን ጨረሰ። እሷ እዚያ መደርደሪያ ሥር ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እሱ ተቀይሞ ሁለት ቀን አላናገራትም።

ስለዚህ የላከችው ገንዘብ ከአክስቷ ተመልሶ ሲመጣ ነገሩን ከመጽሐፉ ጋር አላገናኘችውም። የስልኩ ስህተት ይሆናል ብላ መልሳ ላከችው። ተመልሶ መጣ። ደወለች።

"ደህና ነኝ የኔ ልጅ" አለች አክስቷ። "ምንም አልጎደለኝም። ለራስሽ ያዢው።"

"እታለም፣ ምን ሆነሻል? የዓይን መድኃኒቱስ?"

"አለኝ አልኩሽ። በይ ባልሽን ሰላም በይው።" ዘጋችው። አክስቷ በዕድሜዋ ስልክ ቀድማ ዘግታ አታውቅም።

ባሏ ሶፋው ላይ ሆኖ ሰምቷል። "እይ እንግዲህ" አለ ደስ ብሎት። "ገባት ማለት ነው። ሰው ራሱን ሲችል እኮ እንዲህ ነው የሚጀምረው።"

በነጋታው የደወለችው የአክስቷ ጎረቤት ናት፤ ፀጉር ሠሪ ነች፣ ግድግዳ ይጋራሉ። ነገር ማስረዘም አትወድም። "አክስትሽ ጠብታውን መግዛት ካቆመች ሰንብታለች" አለቻት። "ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ይደረግ ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷት ነበር፣ ሄዳ ሰርዛ መጣች። ከጎን የሚመጣውን አታይም፤ ትናንት የኔን በር በግንባሯ መታችው። እኔ ስናገራት 'ዝም በይ' አለችኝ። አንቺን ትሰማ እንደሆነ ነይ።"

የአክስቷ ሕመም የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሙ ገና መጀመሪያ ላይ ፊት ለፊት ነግሯቸዋል፤ ይህ በሽታ የወሰደውን ብርሃን አይመልስም፣ ያልወሰደውን ግን ማስጣል ይቻላል። ለቀዶ ጥገናው የሚከፈለውን እሷ አዘጋጅታለች፤ አዘጋጅታለች ሲባል እጇ ላይ አለ ማለት አይደለም። አሰልጣኙ "የተሰፋ ኪስ" የሚል ሁለተኛ መጽሐፍ ጽፏል፤ የንባቡ ዋጋ ለሕክምናው ልክ ይበቃል፣ ውሉም ተፈርሟል። መጽሐፉን በራዲዮ አብረው ካስተዋወቁ በኋላ ንባቡ ሊጀመር ነው። እና አሁን፣ ገንዘቡ ደጃፍ ሲደርስ፣ ሴትየዋ ዓይኔ ይጥፋ አለች።

አውቶቡስ ይዛ ሄደች።

አክስቷ ሹራብ ሠሪ ነበረች። ከአንዲት ክፍሏ ግማሹን የያዘው የሹራብ መሥሪያ ማሽን አሁን አንሶላ ለብሶ ቆሟል። እህቷ ስትሞት ጡት ያልጣለች ልጅ ተቀብላ በዚያ ማሽን አሳድጋለች፣ አስተምራለች፣ ድራለች። አሁን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ግንባሯ ላይ የበሩ ምልክት እንዳበጠ አለ። ራሷን እንደ ወፍ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ልጅቷን ለማየት ሞከረች። ከራስጌው ጠረጴዛ ላይ እሷው ገዝታ የሰጠቻት ትንሽ የድምፅ ማጫወቻ ተቀምጧል። ያኔ ገባት።

"ሰማሽው" አለች።

"ሰማሁት እንጂ። ያንቺን ድምፅ መቼ ሳልሰማ ቀርቼ አውቃለሁ? የልጆቹን ተረት ሰምቼያለሁ፣ ያንን የሚያስለቅሰውንም ሰምቼያለሁ። ይኼንንም ሰማሁት።"

"እታለም፣ መጽሐፍ እኮ ነው! ሰውዬው የጻፈው ነው። እኔ አንባቢ ነኝ፣ የኔ ቃል አይደለም።"

"መጽሐፍ መሆኑን አጥቼው መሰለሽ?" አክስቷ ቱግ አለች። "የታመመው ዓይኔ ነው፣ ጭንቅላቴ አይደለም። ተረቱን ስታነቢ ጅብ ሆንሽ ብዬ ሸሸሁሽ? መጽሐፍ ስታነቢ አንቺ አንቺን ትመስያለሽ፤ ትተነፍሻለሽ። እዚህኛው ላይ ግን ትንፋሽ የለሽም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ እንኳ አልተነፈስሽም። ልጅ ሆነሽ ስትናደጂ እንዴት ትሆኚ እንደነበር ረሳሽው? ትንፋሽሽን ውጠሽ ከንፈርሽ እስኪጠቁር ድረስ ትቀመጪ ነበር፤ ጀርባሽን እየመታሁ ነበር የማስተነፍስሽ። እና ያንን ምዕራፍ ስሰማው፣ ይቺ ልጅ ተናዳብኛለች አልኩ። በሆዷ የያዘችውን፣ ፊቴ ለማለት ያፈረችውን፣ በሰው መጽሐፍ አሳብባ ነገረችኝ አልኩ።"

ልጅቷ መቀስን፣ የድምፅ መቅጃውን፣ አሰልጣኙንም አንድ ላይ ረገመች። ትንፋሹን የቆረጠው ባለሙያ መሆኑን፣ ለገበያ ተብሎ የተደረገ መሆኑን እያጣደፈች አስረዳች። አክስቷ ጸጥ ብላ ሰማቻት፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ያመነቻት መሰለ። ከዚያ አንዲት ነገር ጠየቀች።

"ልጅ ማሳደግ ብድር አይደለም የምትለዋን ስታነቢ፣ አልከበደሽም?"

መዋሸት ትችል ነበር። አክስቷ ግን ድምጿን ከሐኪም መሣሪያ በላይ ነው የምታነበው። "አልከበደኝም" አለች። "ዐረፍተ ነገሯ ታምር ነበር።"

"አየሽ።"

"እታለም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንቺን አስቤ አይደለም!"

"ተይ፣ ተይ፣ የኔ ይበቃል፤ ያንቺ ባለበት ይቀመጥ" አለች አክስቷ፤ ሳቁ ሳታስበው አመለጣት። ወዲያው ግን ፊቷን ሰበሰበች። "ቂም የለኝም። ግን ቀዳዳ ተብዬ ካንቺ ገንዘብ አልቀበልም። አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። ጎረቤት ሰምቶታል፤ መድኃኒት ቤት ስገባ ሻጯ ልጅ ያንኑ ምዕራፍ ከፍታ እየሰማች ያንቺን ገንዘብ ተቀበለችኝ። ለአገር ምድሩ ያወራሽውን አሁን እኔ ጓዳ መጥተሽ በሹክሹክታ ታስተባብያለሽ? እንዲያ ከሆነ ይቅርብኝ። ጨለማውን ለምጄዋለሁ።"

ልጅቷ ለመነች፣ አለቀሰች፣ ተቆጣች። ፀጉር ሠሪዋም ከግድግዳው ወዲያ ሆና በጩኸት አገዘቻት። አክስቷ ንቅንቅ አላለችም። ይህ ግትርነት ከየት እንደመጣባት ልጅቷ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ራሷም የወረሰችው እሱን ነው።

በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ነገሩን አገላብጣ አየችው፤ በየትም በኩል ብታዞረው አልጥም አላት። የቀዶ ጥገናውን ገንዘብ ለማግኘት አፏን ዘግታ ሁለተኛውን መጽሐፍ ማንበብ አለባት። አክስቷ ያንን ገንዘብ እንድትቀበል ደግሞ አፏን በአደባባይ መክፈት አለባት፤ ከከፈተች ውሉ ይፈርሳል፣ ገንዘቡም የለም። ከፊት ለፊቷ የተቀመጠ ጎረምሳ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ ይደግም ነበር። የእሷን ድምፅ ይሁን የሌላ ሰው አታውቅም፤ ግን ማዳመጫውን ነቅላ በመስኮት ልትወረውርበት እጇ በላት።

ከሁሉ ያናደዳት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? መጽሐፉ የተጻፈላቸው ሰዎች አንዳቸውም አልተለወጡም። ሎተሪ ገዢው ሎተሪውን ይገዛል፣ መቀስ አቫንሱን ይበላል፣ ባሏ በቆርቆሮ ይጫወታል። ቃሉን ከልቧ የወሰደችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ከነጭራሹ ማንንም አስቸግራ የማታውቅ፣ ለራሷ ስትጠይቅ የምትሸማቀቅ ሴት። ምክሩ ጠንካራውን ትከሻ ሁሉ ዘሎ ሄዶ ሄዶ ደካማዋ ላይ አረፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ራዲዮ ጣቢያ ሄደች። ለአክስቷ ምንም አልተናገረችም፤ ለፀጉር ሠሪዋ ግን "ራዲዮኑን ክፈቺላት" ብላ ደወለች። ባሏ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ አድምጦ ሊኮራባት ቤት ቀርቷል።

አሰልጣኙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። በር ድረስ መጥቶ ተቀበላት፣ ወንበር ሳበላት፣ ውኃ ቀዳላት። ቀዩ መብራት በራ። "ውድ አድማጮቻችን" አለ በዚያ በሚሞቅ ድምፁ፤ "ዛሬ ከጎኔ የተቀመጠችውን ሰው ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ አይታችኋት ግን አታውቁም። 'የሚያፈስ ኪስ'ን ያነበበችላችሁ እህታችን ናት። እስቲ ከመጀመሪያው እንጀምር። ይህንን መጽሐፍ ከማናችንም በላይ አፍሽ ላይ ያመላለስሽው አንቺ ነሽ። አንቺን ምን ለወጠሽ?"

"እኔን ምንም" አለች።

ሳቅ አለ። "ምንም?"

"ምንም። አክስቴን ግን ለውጧታል።"

"እሰይ! እስቲ ንገሪን።"

"ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ትልቁ ቀዳዳ የሚለውን በኔ ድምፅ ሰማችና ከኔ ገንዘብ መቀበል አቆመች። ከዚያ የዓይን መድኃኒቷን መግዛት አቆመች። ከዚያ ቀዶ ጥገናዋን ሰረዘች። ዓይኗ እየጠፋ ነው።"

የራዲዮው ቴክኒሻን ከመስተዋቱ ወዲያ ቀና አለ። አሰልጣኙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በጣም አዝናለሁ እህቴ፤ ከልቤ ነው። ግን አድማጮቻችን እንዳይሳሳቱ፣ መጽሐፉ የታመመ ሰው አትርዱ አይልም..."

"ይላል። እኔ ነኝ ያነበብኩት። 'ታመምኩ የሚልህ ዘመድ ሁሉ አልታመመም፤ የታመመውም ሁሉ ያንተ በሽተኛ አይደለም' ይላል። ሦስት ጊዜ ነው ያስደገምከኝ፣ ይበልጥ ቆራጥ አድርጊው እያልክ።"

"እንግዲያው የኔን ታሪክ ልንገርሽ" አለ አሰልጣኙ፤ አሁን የሚሞቀው ድምፅ ጠፍቶ የሰውየው ድምፅ መጣ። "ሱቅ ነበረኝ። ወንድሞቼ በአንድ ዓመት ውስጥ ባዶ አስቀሩት። አንዱ ሲታመም፣ አንዱ ሲያገባ፣ አንዱ ሲፋታ። ስከስር ደጄን የረገጠ አልነበረም። ያንን ምዕራፍ የጻፍኩት በራሴ ደርሶብኝ ነው እንጂ ተቀምጬ ያለምኩት አይደለም።"

"ወንድሞችህ በድለውሃል" አለች። "ለእነሱ ጻፍላቸው፣ ስማቸውን ጠርተህ። የኔ አክስት ምን አደረገችህ?"

"እሺ። ልጠይቅሽ። ያለሽን ሁሉ ለዘመድ አድርገሽ ነገ ስታረጂ፣ ማን ያይሻል?"

ይህ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ እሷም ልጅ አልወለደችም፣ ቆርቆሮዎቹም ባዶ ናቸው። "አላውቅም" አለች። "ማን እንደሚያየኝ አላውቅም። ግን ማንም ይሁን ማን፣ ያንን ምዕራፍ ያልሰማ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ።"

ከመስተዋቱ ወዲያ ያለው ቴክኒሻን አፉን በእጁ ሸፈነ። እሷ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋች። "እታለም፣ ትሰሚኛለሽ። ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ አላመካኝም። ግን አላምንበትም። አንቺ ቀዳዳዬ አይደለሽም። ይህንን የሚሰማ ሁሉ ይስማ፤ ያሳደገችኝ ሴት ያለችኝን ሁሉ ብትወስድ ወሰደች አይባልም። አሁን ተነሺና ቀጠሮሽን አስመልሺ!"

ማስታወቂያ ገባ፤ የሳሙና ማስታወቂያ።

አሰልጣኙ አልጮኸም። "ውሉን ታውቂዋለሽ" አለ ወረቀቶቹን እየሰበሰበ። "ሥራውን የሚያጎድፍ ንግግር ውሉን ያፈርሳል ይላል።" ታውቀዋለች። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ደረጃው ላይ መደገፊያውን ይዛ ቆመች። ገንዘቡ ሄዷል፣ ሥራውም ሄዷል፤ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም።

ስልኳ ጠራ።

"ትንፋሽሽ ሊያደነቁረኝ ነበር" አለች አክስቷ። "እንደ ፈረስ ነው ስትተነፍሺ የነበረው።"

"ተናድጄ ነው።"

"ድሮ ስትናደጂ አትተነፍሺም ነበር። አድገሻል ማለት ነው።" አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። "ጎረቤቴ ልብሷን እየለበሰች ነው። ቀጠሮውን ለማስመለስ አብረን ልንሄድ ነው።"

"እታለም... ገንዘቡን አጥቼዋለሁ እኮ።"

"እሱን እናገኘዋለን። ያጣሁት መስሎኝ የነበረው ሌላ ነው።"

ቤት ስትደርስ ባሏ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ንጹሕ ሸሚዙን አውልቆ የቀለም ቱታውን ለብሷል። ጠብ ጠብቃ ወገቧን ይዛ ቆመች፤ የመጣባትን ሁሉ ልትመልስ ተዘጋጅታለች። እሱ ግን አቀርቅሮ "ልዩ ሥልጠናውን ልሰርዝ ነው" አለ። ሰረዘው፤ ቢሮአቸው ሄዶ ጠረጴዛ እየደበደበ ግማሹን አስመለሰ፣ ግማሹን በሉት። መቀስ ወሬውን ሰምቶ ሒሳብ ክፍል በር ላይ ቆመ። ገንዘብ ያዡ "ደግሞ ለምን ቀዳዳ ነው?" ቢለው "ለሰው ነው" አለ፤ ሰውየው ስላላመነው ሁለት ጊዜ አስምሎ ሰጠው። ቀሪውን አክስቷ ራሷ ሞላችው። ማሽኑን ልሽጥ ስትል ልጅቷ እምቢ ብላ ነበር፤ ሴትየዋ ግን ተሽጦ ካለቀ በኋላ ነው የነገረቻት። "ያንቺ ብቻ እንዲሆን አልፈልግም፤ ዓይኑ የኔ ነው" አለች።

የቀዶ ጥገናው ዕለት አክስቷን አረንጓዴ ልብስ አልብሰው በተሽከርካሪ አልጋ ይዘዋት ገቡ። ሐኪሙ ያለውን ደግሞ ተናገረ፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን እናተርፋለን። በእነዚያ ሳምንታት የሄደው ብዙ ነበር። ልጅቷ ይህንን ሰምታ ጥርሷን ነክሳ ወደ ገንዘብ መክፈያው መስኮት ወረደች። ሰልፉ ረጅም ነው። ተራዋ ሲደርስ ከመስተዋቱ ሥር ባለችው ክፍተት የአክስቷን ካርድና ገንዘቡን አሳለፈች።

ገንዘብ ተቀባዩ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጣቶቹ ፈጣን ናቸው። "የታካሚዋ ምኗ ነሽ?" አለ ቀና ሳይል።

"ልጇ ነኝ።"

ጣቶቹ ቆሙ። ቀና ብሎ ፊቷን አየ፤ ፊቷ ምንም አልነገረውም። "እስቲ ድገሚው" አለ።

"ልጇ ነኝ አልኩህ።"

"ድምፅሽን... አንቺ 'የሚያፈስ ኪስ' አይደለሽም?" ፊቱ በራ። "አንቺ ነሽ! በሕይወቴ እንዳንቺ የጠቀመኝ ሰው የለም። ትምህርት ላይ ላለ ወንድሜ በየወሩ እልክለት ነበር። ያንን የመጨረሻውን ምዕራፍ ሰምቼ አቆምኩ። አንድ ቀን አቆምኩ፣ አለቀ። ይኸው ስልክ እንኳ አይደውልልኝም፤ እፎይ ብያለሁ።" ደረሰኙን ቆርጦ በክፍተቱ ገፋላት። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ።"

ደረሰኙን አላነሣችውም። ስንት ነው እንዲህ ያለ? ስንት መስኮት፣ ስንት ታክሲ፣ ስንት መድኃኒት ቤት? በራዲዮ አንድ ጊዜ የተናገረችው ከሳሙና ማስታወቂያ በፊት አልቋል፤ ያኛው ድምጿ ግን አሁንም በየሰዉ ጆሮ ውስጥ ነው።

"ወንድምህ የት ነው ያለው?" አለች።

"እኔ እንጃ። ትምህርቱን ሳያቆም አልቀረም።"

"ደውልለት።"

ሳቀ። "ምን?"

"ያነበብኩልህ እኔ ነኝ አይደል? አምነኸኝ አልነበር? አሁንም እኔው ነኝ። ስልክህን አውጣና ደውልለት።"

"እህቴ፣ ሰልፍ አለ እኮ።"

"አያለሁ።" ሁለቱን ክንዶቿን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳረፈች። ከኋላዋ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላዋ "ምንድን ነው ይኼ?" አለች፣ ከወደ መጨረሻው "አስወጧት!" የሚል ድምፅ መጣ። ወደ ኋላ ሳትዞር፣ አገር ምድሩ በሚያውቀው በዚያ ድምጿ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ "ሰውየው ወንድሙ ጋር እስኪደውል ነው፤ ታገሡ" አለች።

ገንዘብ ተቀባዩ ሰልፉን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ሰልፉን አየ። ጆሮው ቀልቷል። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ሰደደ።